ማሽላ ውስጥ የተቀበረው ስኳር

ባለፈው የድል በዓል ሰሞን አንዲት ወዳጄ ለሻይ ጠርታን ነበር። የስኳሩን ዕቃ ከፍታ ማንኪያ ብትሰድበት ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ስኳሩ ተጋግሯል። ወዳጄ እንግዳ ፊት ቀሚሷ የተቀደደባት ያህል ደነገጠች። “ወይ ጉዴ! ትናንት እኮ ደህና ነበር” እያለች በማንኪያው ጫፍ ትወቅጠው ጀመር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “አንቺ መቼም የማታነቢው ነገር የለም፤ ስኳር እንዳይጋገር ምን ይደረግ ይላል መጽሐፉ?” አለችኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማወቁንስ አውቃለሁ፤ ያወቅሁት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። “ከየት ተማርሽው?” ብትለኝ የምመልሰው ስላልነበረኝ፣ ሩዝ ጣል አድርጊበት የሚል የመጽሔት ምክር ወረወርኩላትና ሻዬን ያለ ስኳር ጠጣሁ።

እዚያው ግብዣ ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ስለ ጠላት ዘመን ያወሩ ነበር። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ወሬው ይኸው ነው። እኔ ስለዚያ ዘመን የተጻፈውን እየፈለግሁ አንብቤያለሁ፤ የእኛንም የእነሱንም። በእኛዎቹ ውስጥ ሰው ሁሉ በረሃ ወርዷል፣ ሰው ሁሉ የእንጨት ሥር በልቶ ተዋግቷል። ጣሊያን ያን ሁሉ መንገድ ዘርግቶ፣ ያን ሁሉ ጆንያ ስኳር አራግፎ፣ አንድ ሰው እንኳ አልላሰለትም። ታዲያ ያ ስኳር የት ገባ? የት እንደ ገባ እኔ አውቃለሁ። ጀግና አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ የእኅቴ ባል አንዱ ነበር፣ ዘምቶ አልተመለሰም። የምለው፣ ጀግና ካልነበርነው መካከል ትዝታውን የሚጽፍ ሰው ጠፋ ነው። እኛ ቁጥራችን ቀላል አልነበረም፤ ቤትም፣ ጓዳም፣ ምላስም ነበረን።

ቤታችን ቀወት ነው፤ ከሸዋ ሮቢት በእግር ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ። አገሩ ቆላ ነው፤ ማሽላና ጤፍ፣ ወንዝ ዳር ደግሞ በቆሎና ጥጥ ይበቅልበታል። ሙቀቱ ጠዋት ከሰው ቀድሞ ይነሣል። ጣሊያኖቹ ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስተው መንገዱን ወደ ቆላው ሲያወርዱት መጀመሪያ የደረሰን ድምፁ ነበር፤ ድማሚቱ ሲፈነዳ ነጎድጓድ እየመሰለን የተሰጣ እህል እናነሣ ነበር። ከዚያ መኪናዎቹ መጡ። ሮቢት ያን ጊዜ ዋርካ ሥር የሚቆም ገበያና ጥቂት ጎጆ ነበረች፤ በአንድ በጋ ውስጥ ድንኳን በድንኳን ሆነች። በዋርካው በኩል ጨው ሻጮች፣ ከእነሱ ጎን አቡጀዲ ዘርግተው የሚጣሩ ነጋዴዎች፣ ጥግ ላይ ባዶ የላምባ ጣሳ የሚሸጥ አንድ ጎበጥ ያለ ሰውዬ። የላምባ ጣሳ! ዛሬ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያነሣውን ያን ዕቃ ሴቶች ተጋፍተው ይገዙት ነበር፤ ውሃ ይቀዳበታል፣ እህል ይሰፈርበታል፣ ሲያረጅ ተቀዶ በር ይሆናል። የወረቀቱን ገንዘብ ሰው አልወደደውም፤ እናቴ “አይጥ የሚበላው ገንዘብ” ትለው ነበር። ጠገራ ብር ያለው መሬት ውስጥ ይቀብረዋል፣ ወረቀት ያለው ቶሎ አቡጀዲ ይገዛበታል። ጎረምሶቹ ካኪ ቁምጣ ለበሱ። ከመንገድ ሥራ ሲመለሱ የጣሊያኖቹን ዘፈን እያንጎራጎሩ ይመጣሉ፤ ቃሉ ሲጠፋቸው በገዛ አገራቸው የፍቅር ግጥም ይጠግኑታል። ያ ዜማ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ስከትፍ ከአፌ ያመልጣል። በድል በዓል ቀን እንኳ አምልጦኝ ያውቃል።

እኅቴ አስካለ በብዙ ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ገና ለአቅመ ሔዋን ስቃረብ እሷ አግብታ፣ ባሏን ወደ ዘመቻ ሸኝታ፣ መርዶውን ሰምታ፣ ከል ለብሳ ወደ እኛ ቤት ተመልሳ ነበር። በዚያው ዓመት አንዱ በሬያችን በበሽታ ሞተ፤ ሌላው በግርግሩ ተነዳ። አባቴ ደምሴ በሬ የሌለው ገበሬ ሆነ፤ ይኸም ለእሱ ሱሪ ሳይታጠቁ አደባባይ እንደ መውጣት ነበር። ምሽት ምሽት እናቴ ንፍሮውን ስታካፍል አስካለ ድርሻዋን ወደ እኔ ገፋ ታደርግና “ጠግቤያለሁ” ትላለች። የጠገበ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። አንድ ቀን ሐዋን ተከትላ ሮቢት ሄደች። ሐዋ አጥር ለአጥር የምንጎራበታት ሙስሊም ነጋዴ ናት፤ ጨውና ቡና ገበያ ለገበያ ታመላልሳለች። እናቴና እሷ እሳት የሚዋዋሱ፣ አንዷ ስትወልድ አንዷ ደጅ የምትጠብቅ፣ ከሥጋ በቀር የማይካፈሉት ነገር የሌላቸው ሴቶች ነበሩ።

አስካለ መጀመሪያ የመንገድ ሠራተኞቹን ልብስ አጠበች። ቀጥሎ ለአንድ ጣሊያን የሥራ አለቃ ምግብ አበሰለች። ቀጥሎ እዚያው አደረች። ወዳ ይሁን ተገዳ፣ ወይስ ከሁለቱ መሐል ስም ያልወጣለት ነገር ይሁን፣ ያን ጊዜ አላወቅንም፤ የጠየቃት ሰው አልነበረምና። የጠየቀ መልሱን መስማት ይኖርበታል። ወሬው ቤታችን ሲደርስ አባቴ “እኔ አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችኝ” አለና በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። እናቴ እንጨት ለቀማ ወጣች፤ እንጨት ግን ጓሮ ሙሉ ነበረን።

የመጀመሪያው ስኳር የመጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሐዋ ከገበያ ተመልሳ በጓሮ በር ገባችና ከቅርጫቷ ሥር ከድንኳን ሸራ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት አወጣች።

“ምንድን ነው ይኸ? ጨው ነው?” አለች እናቴ።

“ሱከር ነው። ቅመሺው።”

እናቴ በጣቷ ጫፍ ነክታ ላሰች። ማር እናውቃለን፤ ሸንኮራም እናኝካለን። እንዲህ ያለ፣ ምንም ሳይሸት የሚጣፍጥ ነጭ አሸዋ ግን ቤታችን ገብቶ አያውቅም። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

“ከማን ነው?”

“ከማን ይሆናል እቴ። ከልጅሽ ነዋ።”

እናቴ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፤ ምላሷን ግን አልጠረገችም። ከረጢቱን እሷም አልጣለችው፣ ሐዋም መልሳ አልወሰደችው። አባቴ ማታ ሲያየው “ይኸ ነገር ከቤቴ ይውጣ” አለ፤ ሲነጋ ግን ወጥቶ እንደ ሆነ አልጠየቀም።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ እመጣለሁ። ስኳር ቆላ ውስጥ ማቆየት እንደ ማር ማቆየት አይደለም። ማር ራሱን ይጠብቃል። እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው ለወተት የምታደርገውን ነበር፤ ቅሉን አጥባ፣ በወይራ ጭስ አጥናው፣ ስኳሩን ገለበጠችበት። ሰንብቶ ሲቀመስ ስኳሩ ጣፋጭ ጭስ ሆኗል። ቀጥሎ የጨውን ዘዴ ሞከረች። በእኛ አገር አሞሌ እንዳያልብ ከምድጃው በላይ ይንጠለጠላል፤ ስኳሩንም በጨርቅ ቋጥራ እዚያው ሰቀለችው። ጨው የወደደውን ስኳር አልወደደውም፤ የወጡ እንፋሎት ሲያገኘው አላበው፣ እሳቱ ሲበርድ ደግሞ ተጋግሮ ቀረ። እናቴ በአውራ ጣቷ እየፈረፈረች፣ “ውሃ ጠጥቶ ነው። ውሃ ሲጠጣ እንዲህ ይደርቃል” አለች። አጠገቧ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ጉንዳኑ መጣ። ከጣሪያው በገመዱ እየወረደ እንደ ሠርገኛ ተሰልፎ ገባ። መሬት አውርዳ አመድ ነሰነሰችበት፤ ዶሮ አመዱን በጫረችው ቁጥር ሰልፉ ይቀጥላል። ገንቦ ውስጥ ጨምራ ገንቦውን ውሃ በሞላ ገበቴ መካከል አቆመችው፤ ጉንዳኑ ቀረ፣ እርጥበቱ ግን ከሥር ገባ። በመጨረሻ ሐዋ ሳቀችባት።

“ማሽላ ውስጥ ቅበሪው እንጂ! ደረቅ እህል እርጥበት ይጠጣል። ከወደብ ዕቃ የሚያወጡት ነጋዴዎች እንዲያ ነው የሚያደርጉት።”

እንዳለችውም ሆነ። እናቴ ስኳሩን በደረቅ ቅል ሞላች፣ አፉን በቆዳ አስራ በሰም አሸገችው፣ በፀሐይ የደረቀ ማሽላ በሞላው ጎታ ሆድ ውስጥ ቀበረችው። ሲወጣ እንደ መጣበት ቀን ዱቄት ነው፤ በጣት መካከል ሽር ይላል። ከዚያ ወዲህ ስንት የቤት አያያዝ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። ዘዴው ሌላም ጥቅም ነበረው፤ የተቀበረ ነገር አይታይም። ጎረቤት ቢገባ የሚያየው ማሽላ ነው። የማሽላ ጎታ ደግሞ ማንንም አያሳፍርም።

እኛን ግን ያሳፍረን ነበር። እንግዳ ሲመጣ ለእሱ ቡና በጨው፣ ሲሄድ ለእኛ አጥሚት በስኳር። ከንፈራችንን ጠርገን ነበር በር የምንከፍተው። ይኸም ሆኖ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ወንዝ ስወርድ ልጃገረዶቹ እንስራቸውን እየሞሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ያንጎራጉራሉ፦

ነጭ ጨው ላኪልን፣ ነጭ ጨው አስካለ፣
ምላስ አይደለም ወይ አገሩን ያስጣለ።

ሲዘፍኑብኝ አልተቆጣሁም። ግጥሙ እውነት ነበረው፤ የተሳሳተው በስሙ ብቻ ነው። ምላሱ የእሷ አልነበረም።

የአባቴ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ቡናውን እንደ አገሩ ልማድ በጨው ነበር የሚጠጣው። አንድ ጠዋት እናቴ ሳትናገር በጨው ፋንታ ስኳር ጨመረችበት። አባቴ አንዴ ፉት አለና ሲኒውን ከአፉ አራቀው። እኔ አሁን ይሰብረዋል ብዬ ጠበቅሁ። ሲኒውን ጨለጠና “ድገሚኝ” አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ “ጨው አታብዢበት” ይላል፣ እናቴም “እሺ” ትልና ስኳር ታደርግበታለች። በዚያ ቤት የስኳርን ስም ጠርቶ የበላ ሰው አልነበረም።

በጋው ሊያልቅ ሲል ሐዋ ከስኳሩ ጋር ቃል ይዛ መጣች። በዚህ ጊዜ በጓሮ ሳይሆን በዋናው በር ገባች፣ ከአባቴም ፊት ቆመች።

“ጋሽ ደምሴ፣ ልጅዎ ልምጣ ትላለች። ሰውየው ወደ ሰሜን ሊዛወር ነው፤ እሷ አልከተልም ብላለች። ክረምቱ ሳይገባ ቤቴ ልግባ ነው የምትለው።”

“ቤቷ የት ነው?”

“ወላሂ፣ ቤቷማ ይኸው አሁን የተቀመጡበት ነው።”

አባቴ፣ “ከዚያ ሰው ቤት የወጣ ነገር እንዴት ዝም ብሎ እኔ ቤት ይገባል?” አለ። ሁላችንም ወደ ጎታው ላለማየት መሬት መሬት አየን። እናቴ ግን በሕይወቴ ሰምቼ የማላውቀውን ነገር ተናገረች።

“ስኳሯ ከገባ ስንት ጊዜው ነው፣ አንቱ?”

አባቴ በስድብ ይመልሳል ብዬ ነበር። እሱ ግን እንደ ደከመው ሰው በሁለት እጁ ፊቱን አሸ። ልጁን ይፈልጋት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው እሱን ለማዳን አይደለም። ይፈልጋት ነበር፣ ግን “አባት ነኝ፣ ራራሁ” ማለት አይችልም። ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ መምሬ ይጠየቁ ተባለ።

የንስሐ አባታችን ሸምግለው ዓይናቸው የደከመ፣ ቁጣ የማያውቁ ካህን ነበሩ። እኛ ቤት ሲመጡ “የእናንተ አጥሚት ይጥመኛል” ይሉ ነበር፤ ለምን እንደሚጥም ጠይቀው አያውቁም። ነገሩ ሲነገራቸው ብዙም አላሰቡ።

“ትምጣና ንስሐ ትግባ። ይኸ ምን ይቸግራል? ስኳሩን ተዉት፤ ስኳር በመጽሐፍ የለም።”

“አይሆንም መምሬ” አለ አባቴ። “የአረመኔ እጅ ነክቶታል። አጥንት ተፈጭቶ ይገባበታል ይባላል። መጀመሪያ እሱ ይንጻ። እሱ ከነጻ እሷም ትነጻለችና ትግባ፤ አገር ይስማ፣ ማንም አይናገረኝም።”

መምሬ እናቴን አዩ። እናቴ እጇን አጣምራ ለመነቻቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ጠበል አመጡ። ቅሉ ከጎታው ወጣ፣ ተከፈተ። ጸሎቱን አድርሰው ረጩበት። ለአስካለ ብለው፣ በጎ አስበው፣ በደንብ ረጩት። ውሃው በነጩ ላይ ሲወርድ እናቴ እፍኝ እንባ አነባች፤ በደስታ ነበር። ከዚያም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ባለበት እንዲከፈት ተባለና ቅሉ እንደ ወትሮው ታሽጎ ደረቁ ማሽላ ውስጥ ተመልሶ ተቀበረ። ማሽላውም ሥራውን ሠራ።

እሑድ ግቢያችን ሞላ። አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ነበር፤ ጠላ ተጠምቋል፣ እኔም የታጠበ ቀሚሴን ለብሻለሁ። ሐዋም መጥታ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። አባቴ ቅሉን ራሱ ከጎታው አወጣ፣ ቆዳውን ፈታ፣ በሞሰብ ክዳን ላይ ገለበጠው። ምንም አልወረደም። ነቀነቀው። ቂጡን በመዳፉ መታው። አሁንም ምንም። ከዚያ በዘነዘናው ጫፍ አንዴ ቢመታው ቅሉ ለሁለት ተሰነጠቀና ስኳሩ የቅሉን ቅርጽ እንደ ያዘ፣ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ክዳኑ ላይ ቆመ።

“በስመ አብ!” አለች ከማዶ ያለችው ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ። “እምቢ አለ! ጠበሉን አልቀበል ብሎ ደነገየ!”

ሰዉ ተንሾካሾከ። አንዳንዱ አማተበ። ሐዋ ሴቶቹን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት መጣች።

“ኧረ ወላሂ እምቢ ብሎ አይደለም! ሱከር ሁሌም እንዲህ ነው፤ ውሃ ነክቶት ነው—”

“ውሃ?” አለች በላይነሽ። “ጠበሉን ነው ውሃ የምትይው?”

ወንዶቹ ዞር አሉ። ከእነሱ አንዱ፣ “አንቺ በሃይማኖታችን ምን ጥልቅ አደረገሽ?” አላት። የሐዋ ፊት ቀላ። “እኔ ስለ ጠበላችሁ ምን አውቄ… ስለ ሱከሩ ነው የምለው” አለችና እናቴን አየቻት። ያ አስተያየት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ከምድጃው በላይ የተጋገረውን በአውራ ጣቷ የፈረፈረች፣ ውሃ ሲጠጣ እንዲህ ይደርቃል ያለች ሴት እናቴ ናት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። “እውነቷን ነው፤ እኛም ጓዳ ይኸው ገጥሞናል” ማለት ይበቃ ነበር። ግን እንዲህ ለማለት መጀመሪያ ጓዳችን ውስጥ ስኳር እንደምንበላ፣ ከከረመ እንደምንበላ፣ ለማቆየትም ስንት እንደ ደከምንበት በሰው ፊት መናገር ነበረባት። እናቴ አቀረቀረች። መምሬ የመስቀላቸውን ጫፍ በነጠላቸው ይጠርጉ ጀመር፤ ጠረጉ፣ ጠረጉ፣ ቀና አላሉም። ሐዋ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

“ሰማችሁ” አለ አባቴ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

አስካለ አልመጣችም። ሐዋ ከዚያ ወዲያ በጓሮ በራችን አልገባችም፤ እሳትም አልተዋዋስንም። መኪናዎቹ ድንኳኑን ጭነው ወደ ሰሜን ሄዱ፣ ዝናቡም ገባ። ድንጋዩስ? መቼም ጣሉት ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እናቴ ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ ወቀጠችው፣ ነፋችው፣ በሌላ ደረቅ ቅል አድርጋ ማሽላው ውስጥ መለሰችው። ክረምቱን ሙሉ በላነው። አባቴም በየጠዋቱ “ጨው አታብዢበት” ይላል። መጨረሻው ሲደርስ እናቴ ቅሉን በሙቅ ውሃ አለቅልቃ እጣቢውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁት።

የተማሩ ወዳጆቼ ይህን ቢሰሙ የሚሰጡትን ፍርድ አውቃለሁ፤ “ድንቁርና” ይላሉ፣ ቀጥሎም ትምህርት ቤት ስለ መክፈት ይናገራሉ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አይቼዋለሁ። ነጻነት ተመልሶ አጎቴ አዲስ አበባ ወስዶ ካስገባኝ ጀምሮ ከመጽሐፍ ጋር ነው የኖርኩት፤ በዚያ ቤት የጎደለውን ነገር ግን በየትኛውም ክፍል ሲያስተምሩት አላየሁም። ድንቁርና ቢሆንማ ምን ያሳፍራል? ያላወቀ ሰው ይታዘንለታል። እኛ ግን እናውቅ ነበር። እናቴ ታውቃለች፣ ሐዋ ታውቃለች፣ መምሬም ጠበል የነካው ዱቄት ሲጋገር ስንት ጊዜ አይተዋል፤ ጓዳ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ያ ሁሉ ዐዋቂ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ስኳር በሰው ላይ እንዲፈርድ ፈቀደ።

አባትና እናቴ ካረፉ በኋላ፣ አስካለ ኮምቦልቻ ትንሽ ሻይ ቤት እንዳላት አንድ ሹፌር ነገረኝ። ሄድኩ። መንገዱ ያው ጣሊያን የሠራው ነው፤ ከጣርማ በር ቁልቁል ስወርድ፣ በሮቢት ሳልፍ፣ የምላትን ነገር ስሰድር ዋልኩ። ቤቷ ከመኪና መቆሚያው ጀርባ ነበር፤ አራት ጠረጴዛ፣ በግድግዳው የማርያም ሥዕል። ሸምግላለች። አየችኝና ወዲያው ዐወቀችኝ።

“ወፈርሽ” አለችኝ።

“አንቺ ከሳሽ።”

“እኔማ ድሮም። ጋዜጣ ላይ ትጽፊያለሽ አሉ፤ ሹፌሮቹ ያነቡልኛል። ሰውን ሁሉ ትሰድቢያለሽ።”

ሻይ ቀዳችልኝ። ስለ ጣሊያኑ ነገረችኝ፤ ሳልጠይቃት፣ በአጭሩ። መሄጃ ስታጣ ተከትላው ወደ ሰሜን ሄዳ ነበር፤ ደሴ ላይ ጥሏት ሄደ። “ክፉ አልነበረም፤ ደግም አልነበረም። ግን ‘ትመጫለሽ ወይ’ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ መጀመሪያም መጨረሻም” አለች። ከዚያ እኔ ያሰናዳሁትን ጀመርኩ። ነገሩ ተአምር እንዳልነበረ፣ ስኳር እርጥበት ሲነካው ሟሙቶ ሲደርቅ እንደሚያያዝ፣ ማሽላው ደግሞ እርጥበቱን መጥጦ እንዳደነገየው፣ የእሷ ኃጢአት ከነገሩ ውስጥ እንደሌለበት፣ እንደ አስተማሪ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ ሳቀች።

“ይህን ልትነግሪኝ ነው ከአዲስ አበባ የመጣሽው? በስኳር የምተዳደር ሰው ነኝ እኮ።”

“ያን ጊዜ አላወቅሽም ብዬ ነው።”

“ያን ጊዜም ዐውቄያለሁ። ሐዋ ቤት ነበርኩ።”

“መቼ?”

“የዚያን እሑድ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ሐዋ ነጠላ አከናንባ አመጣችኝ፤ ስኳሩ ተከፍቶ ሰው እልል ሲል በአጥሩ በኩል ልትሰጠኝ። በእሾሁ መሐል ግቢያችሁ ይታያል። የአንቺንም ቀሚስ አይቻለሁ። በላይነሽ ስትጮህም ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ሌላው ድምፁ አይሰማም። ሐዋ የሆነ ነገር ትላለች፤ እጇን ሳየው ስለ እኔ እየተከራከረች ነው። አሁን ከውስጥ አንዱ ያግዛታል ብዬ ተነሥቼ ፀጉሬን አስተካከልኩ።”

ሻዬ ቀዝቅዟል። እሷ የጠረጴዛውን ልባስ ትጠርጋለች።

“ከዚያስ?” አልኳት።

“ከዚያ ሐዋ መጣች። አላየችኝም። ከበሩ ጥግ ጫማዬን አንሥታ ሰጠችኝ።”

“ምንም ሳትልሽ?”

“እኔ ነኝ የጠየቅኋት። ‘እናቴ ምን አለች?’ አልኳት። ‘ምንም’ አለችኝ። ‘ታናሼስ?’ አልኳት።”

የሐዋን መልስ ልትነግረኝ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቴን አይታ ተወችው።